መርከቡ ወይስ ግሮታልዬ

ለውድ ልጄ ለሳቬሪዮ፦ የከተማችን ጠባቂ ቅዱስ ቺሮ ከመርከብህ ጋር አሜሪካም ድረስ ይከተልህ፤ ስትነሳም ስታርፍም እጁ ከበታችህ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ብቻ ትንሽ ያመኛል።

ዘንድሮ ሎሚው ብዙ ያዘ። አባትህ ካረፈ ወዲህ የሚበላው ስለሌለ ለጎረቤቴ ለኢማኮላታ እሰጣለሁ። ከባሕር ኃይሉ ጣቢያ አውሮፕላን ሲነሳ፣ እዚህ ትበር በነበረ ጊዜ እንደማደርገው፣ አሁንም ቀዩን የጠረጴዛ ልብስ ላውለበልብ ይዤ ሰገነት ላይ እወጣለሁ። ባለፈው አንድ የማላውቀው አብራሪ ልክ እንዳንተ ክንፉን ነቅነቅ አደረገልኝ። ኢማኮላታ አይታ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ባሕር ኃይሉን በሙሉ ወልደሽዋል እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ስወርድ ግን አለቀስኩ።

እዚህ ግሮታልዬ ጣቢያው ተመልሰህ አብራሪዎችን ማስተማር ወይም አውሮፕላን ተሸካሚው መርከብ ላይ መቀጠል እንደምትችል ስትጽፍልኝ፣ ጡረታ የወጣውን ሻምበል ባሻ ካታልዶን ጠየቅሁት። "ቪታዬ፣ አሁን ወደ መሬት ከወረደ የበረራ ስኳድሮኑን አዛዥነት ሌላ ይወስድበታል" አለኝ።

"እናቱስ?" ስለው፣ "እናት ለማዕረግ ዕድገት አትቆጠርም" አይለኝም መሰለህ፣ ይሄ ባለጌ!

እውነቱን ነው ግን። እኔን ሳትቆጥር ምረጥ። ደግሞ ሳትበላ አትተኛ።

ያሳደገህ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ ሳትወስን እንዳትደውልልኝ። ድምፅህን ከሰማሁ "ና" እልሃለሁ።

እናትህ ቪታ