ሀያት የጻፈችባቸው ሲዲዎች

አባየ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እንባው እየቀደመኝ ነው። አሁን ግን ሳላመሰግንህ መቀመጥ አቃተኝ። ተኝተህ ከሆነ አፉ በለኝ፣ ልቀሰቅስህ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። እማየ ደህና ናት፤ የግራ ዓይኗ ሞራ ተነሥቶላት አሁን ከመንገድ ማዶ ያለውን ሰው ሁሉ ትለያለች። አንዳንዱን ምነው ባላየሁት ማለትም ጀምራለች። ሱቁ እዚያው አዲስ ዓለም ሰፈር፣ እዚያው ቦታ ነው። «ሙዚቃ ቤት» የሚለውን ታፔላ አላወረድኩትም፤ ውስጡ ግን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ሆኗል። ሲዲ አለ ወይ ብሎ የሚገባ ሰው ካየሁ ወይ ሽማግሌ ነው፣ ወይ መንገድ ጠፍቶበታል።

የቀረጽክባቸውን ካሴቶች እርጥበት በልቷቸዋል፤ ሲዲዎችህን ግን አልጣልኳቸውም። አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኳቸው ነው። ድምፁን ጨምቆ በሚያሳንሰው ዓይነት ሳይሆን፣ ያለውን ቅንጣት ሳያጎድል በሚይዘው ዓይነት። ፕሮግራሙ እያንዳንዷን ቦታ ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ሁለቱ ንባብ ካልተስማሙ ስህተት ብሎ በቀይ ይጽፋል። አንተን እያስታወሰኝ እስቃለሁ። አንተስ የቀዳኸውን ከዳር እስከ ዳር ሁለቴ ሳትሰማ መች ለሰው ሰጥተህ ታውቃለህ!

ባለፈው ወር አያ በሪሁን ከወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ መጡ። መቼም አትረሳቸውም፤ ልጃቸውን ሲድሩ መቅረጫህን በቦርሳ ይዘህ ስትሄድ እኔም ተከትየህ ነበር። ለእስላም እንግዳ ብለው ሸጋ ሙክት ለብቻው አስረው ጠበቁን፤ አንተው አረድኸው፣ ድስቱም ለብቻው ተጣደ። ከዚያ ጥግ ይዘህ ዝም አልክ። ሰዉ መቅረጫውን እስኪረሳው ድረስ እንዲያ ነበር የምትጠብቀው። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል እናቷ፣ የአያ በሪሁን ባለቤት እትየ አስረበብ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ግጥም አወጡ። የሲዲው የመጨረሻ ዘፈን የሳቸው ነው።

እትየ አስረበብ ካለፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤታቸው የነበረውን ሲዲ የልጅ ልጆች ሰብረውታል። ፎቶ እንኳ የላቸውም። አያ በሪሁን ስምህን ጠርተው፣ ድምጿ ያለው ኑሩ ዘንድ ብቻ ነው ብለው በአውቶቡስ መጡ፤ ማረፍህን የሰሙት ከእኔ አፍ ነው። ሱቁ መሐል ቆመው አለቀሱልህ። እኔ ልጅህ ደግሞ አፌ መች ያርፋል፣ ገና ሳላየው በሚመጣው ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ያገኙታል ብየ ቃል ገባሁ።

ምን ይዋጠኝ! ሲዲውን አገኘሁት፤ አራቱ ዘፈን ያለ እንከን ተነበበ። አምስተኛው ላይ፣ ልክ እትየ አስረበብ ድምፃቸውን ሲያነሡ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ከዚያ ጭጭ። ደገምኩት፣ እዚያው ላይ። እንዳስተማርከኝ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ጠረግኩት፣ እንደ ሳህን ዙሪያውን አላሸሁትም። ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት። የማንበቢያውን ፍጥነት እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግኩ። ማጫወቻው ይሆናል ብየ ከጎረቤት ኮምፒውተር ጠጋኝ ሌላ ተዋስኩ፤ እሱም እዚያው ላይ ቆመ። ጠጋኙ የጥርስ ሳሙና ቀቢው ቢለኝ እሱንም ቀባሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ፤ ጭረት ሳይኖረው አዲስ ጭረት ጨመርኩለት።

ሐሙስ ዕለት ተናደድኩና ሥራውን ካንተ ደንብ ጀመርኩት። ሳትጠግን በፊት መጀመሪያ ለይ ትል ነበር። እስካሁን አንነበብም ብለው እምቢ ያሉትን ሲዲዎች ሁሉ በአንድ ወገን፣ ደህናዎቹን በሌላ ወገን ደረደርኩ። ደህናዎቹ ላይ ያለው ያንተ ጽሕፈት ነው፣ በወፍራም ማርከር። እምቢ ያሉት ላይ ያለው ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከነአበባው፣ ከነጌጡ፣ የእኔ ነው። አንዱም አልቀረ።

የአያ በሪሁንን የሠርግ ሲዲ ይዤ በር ላይ ወጣሁና ወደ ፀሐይ አነሣሁት። ወይ ጉዴ! «የወገራ ሠርግ» የሚለው ጽሕፈቴ ፊደል በፊደል ብርሃን ያስገባል። በእስክሪብቶ እየተጫንኩ ስጽፍ ለካ ድምፁ ያለበትን ስስ ሽፋን ከጀርባው እየላጥኩት ኖሯል። የሚነበበውን ሥሩን ስጠርግ ብውል ምን ሊጠቅም! እንዲያምርልኝ ደግሞ ዳር ዳሩን ነበር የምጽፈው፤ ሲዲ ከመሐል ጀምሮ ዳር ላይ ስለሚያልቅ የበላሁት ሁሌም የመጨረሻውን ዘፈን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሲዲ ግን ወረቀት አይደለም።

ቤት ገብቼ እማየ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የሰውየውን ሚስት ሁለተኛ ገደልኳት አልኳት። ሰማችኝና ተነሥታ ካልጋችሁ ሥር፣ ከሣጥኑ ጀርባ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። ክዳኑ ላይ በዚያች ዘመም ባለች ጽሕፈትህ «ሀያት የጻፈችባቸው» ይላል።

ከፈትኩት። ሃያ ሦስት ሲዲ፣ እያንዳንዱ በወረቀት ከረጢት፤ ስሙ ከረጢቱ ላይ እንጂ ሲዲው ላይ አንዲት ነጥብ የለም።

እማየ ያን ጊዜ የደበቀችኝን ነገረችኝ። አንድ ደንበኛ ዘፈኑ ይቆራረጣል ብሎ ሲመልስልህ ወደ ብርሃን አንሥተህ አየኸው፣ ገባህ። ሰባተኛ ክፍል የደገምኩበት ዓመት ነበር። ሰው ፊት ቀና የማልልበት፣ ከትምህርት ቤት መጥቼ ካንተ መደርደሪያ ኋላ የምደበቅበት ዓመት። ያን ዓመት ሰው ሸጋ ያለልኝ ነገር ቢኖር ጽሕፈቴ ብቻ ነው፤ የሚለውም አንተ ነበርክ፣ ደንበኛ ሁሉ እንዲያየው እያነሣህ። እማየን እኔ ሌላ እቀዳለሁ፣ ለልጅቱ እንዳትነግሪያት አልካት። ከዚያ ከካሴቱ አዲስ እየቀዳህ፣ ሁለቴ እየሰማህ፣ በቆርቆሮ አስቀመጥክ። የወሰዱትን ሰዎች በሱቁ ደጅ ሲያልፉ እየጠራህ ትለውጥላቸው ነበር፤ እኔ ምርቃት የምትሰጣቸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ጥቁር፣ ጫፉ ለስላሳ ማርከር ገዝተህ የአንቺ ጽሕፈት በዚህ ነው የሚያምረው ብለህ ሰጠኸኝ። ወላሂ እኔ ሽልማት ነው ብየ ትምህርት ቤት ድረስ ወስጄ አሳየሁ! ጥፋቴን ያረምከው ጥፋት እንዳለብኝ ሳላውቅ ነው። አይ አባየ፣ እንዲህ ያለ ሰው ቤት አድጌ ምነው እኔ ይህን ያህል ቁጡ ሆንኩ?

ከቆርቆሮው ያወጣሁትን አስገባሁ። አምስቱም ዘፈን ተነበበ፣ ሁለቱ ንባብ ተስማማ፣ አንድም ቀይ የለም።

ቅዳሜ አያ በሪሁን መጡ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። እትየ አስረበብ ሲጀምሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። አሁንም ከጭብጨባው ቀደመች፣ እንዲያ ነበረች፣ ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ። አራት ጊዜ ሰሙት። ሲነሡ ሲዲውን ሰጡኝና በዚያች በምታምር ጽሕፈትሽ ስሟን ጻፊልኝ አሉኝ። ለካ አንተ ያን ጊዜ ጽሕፈቴን ወገራ ድረስ አመስግነህልኝ ኖሯል።

በማርከሩ ጻፍኩላቸው፣ ከረጢቱ ላይ።

የተበላሸውን ሲዲ መደርደሪያው ላይ፣ ፀሐይ በምትገባበት በኩል አቁሜዋለሁ። ሱቅ ውስጥ የምታግዘኝ የአክስቴ ልጅ ትናንት ስልክ ስትከፍት መስታወቱን ሰነጠቀችው። ጩኸቴ ከአፌ ሊወጣ ሲል ዓይኔ ሲዲው ላይ አረፈ። ሌላ መስታወት አመጣሁላት። አባየ፣ የማስታውስህ እንዲህ ነው።

ልጅህ ሀያት