ጉድጓዱም ይቀባ

ነሐሴ 8 ቀን 1976

ዝናብ። ቢሮ በሰዓቱ ገባሁ፤ ማንም አላየኝም። ሳረፍድ ግን ሁሌም ያዩኛል...

ከአዲስ አበባ ወደ አዋሳው የእርሻ መሥሪያ ቤታችን መመሪያ መጣ። መጋዘናችን ውስጥ ጊዜው ያለፈበት የተባይ መርዝ አለ። በርሜሉ ዝጎ ያንጠባጥባል። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ እዚያው ነው፤ አብዮቱ እሱን አልነካውም። የንብረት ክፍል ኃላፊ እንደመሆኔ ጠባቂው እኔ ነኝ። ጥቅሙ አንድ ነው፤ አይጥ የለብንም።

መመሪያው የሚለው፦ መርዝ ከመቀበሩ በፊት በኖራ ይለወስ፣ ይረፍ፣ ይመርመር፣ ከዚያ ይደፈን። የላቦራቶሪያችን ባለሙያ ጸሐይወርቅ ሁለቴ አነበበችልኝ።

"ኖራው ኃይሉን ይሰብረዋል። ሳይሰበር ከተቀበረ ከዝናቡ ጋር ወደ ውሃ ይወርዳል" አለች።

ገባኝ። መርዙም ሳይነቃ አፈር አይገባም። እንደኛ የፖለቲካ ውይይት ክበብ ያስፈልገዋል።

ነሐሴ 12

ጉድጓዱ ተቆፈረ። ታቦር ተራራ ግርጌ። ቦታውን ማን መረጠው? ኮሚቴ። ማለትም ማንም።

ከእትዬ ታቢታ አጥር ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳው እሳቸው ግቢ ካለችው ምንጭ ነው። እኔም። እትዬ መጥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ።

"ሽበሺ፣ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም እትዬ።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ለማን ነው? አንድ ቤተሰብ ያስተኛል!"

"ለመንግሥት ዕቃ ነው።"

"እናንተም ትቀብራላችሁ እንዴ? እኛ እህል ቀበርን ሲባል ታስቆፍሩ የለ?"

አካፋዎቹን መቁጠር ጀመርኩ።

ነሐሴ 16

ኖራው መጣ። እስከ ምሳ ሰዓት የኛ ነበር። ከምሳ ስንመለስ የለም። ጓድ በላይነህ አስጭኖ ወስዶታል። የአሥረኛው የአብዮት በዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። መስከረም ሁለት ቀርቧል፣ ትልቅ እንግዳ ይመጣል። ስለዚህ ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ድረስ ያለ ድንጋይ ሁሉ ነጭ ይቀባል።

ወጥቼ አየሁ። ድንጋዩ ነጭ። ዛፉ እስከ ጉልበቱ ነጭ፤ ካልሲ ያጠለቀ ይመስላል። መንገድ ዳር አንድ አህያ ተኝቶ ነበር። ብሩሹ ሲጠጋው ተነሳ። አስተዋይ ነው።

ነሐሴ 20

ጓድ በላይነህ አፍንጫውን ይዞ መጋዘን መጣ። መጋዘኑ ለእንግዳው የምርት ኤግዚቢሽን ይሆናል።

"ባዶ ይሁን። መርዙ በዚህ ሳምንት ይቀበር።"

"ኖራውስ?" አለች ጸሐይወርቅ።

"ኖራው ግዳጅ ላይ ነው።"

"መመሪያው ግን..."

"ጓዲት፣ መመሪያ የወጣው ሥራ ለማደናቀፍ አይደለም።"

"ሳይለወስ ከተቀበረ ምንጩ ውስጥ ይገባል። ሰው ይጠጣዋል።"

"እንግዳው እንደሆኑ ውሃቸውን ይዘው ነው የሚመጡት።"

አልቀለደም። ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። እስከዛሬ ቀልድ የኔ ሥራ ነበር...

ነሐሴ 21

እትዬ ታቢታ ሲቀዱ አየኋቸው። ከአጥር ማዶ ሰላም አሉኝ። ልንገራቸው? ብነግራቸው ቀበሌ ሄደው ይጮሃሉ። ጮኸው የት እንደሚገቡ አይታወቅም... ይታወቃል እንጂ።

ሰላም ብዬ አለፍኩ።

ነሐሴ 24

የበዓሉ ኮሚቴ ስብሰባ። እኔና ጸሐይወርቅም ተጠርተናል። መርዙ ነገ እንዲቀበር ተወሰነ። እጄን አወጣሁ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ አፌ ያውቃል ብዬ ተማመንኩ።

"ጓድ ሰብሳቢ፣ የጉድጓዱ መልክ ያሳስበኛል።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤ ቀጠልኩ።

"እንግዳው ከተማዋንና ሐይቁን ለማየት ታቦር ላይ ቢወጡስ? ቁልቁል ሲያዩ ድንጋዩ ነጭ፣ ዛፉ ነጭ፣ አጥሩ ነጭ..."

"ጉድጓዱ ይደፈናል እኮ ጓድ ሽበሺ!"

"ተደፍኖ ነው የባሰው። ትኩስ አፈር ከላይ ሲታይ መቃብር ይመስላል። እዚህ ማንን ነው የቀበራችሁት ቢሉ ማን ይመልሳል?"

ማንም ማንንም አላየ። አንዱ ጣራውን፣ አንዱ ጫማውን። አብዝቼው ይሆን?

"ታዲያ ምን ይሁን?" አለ በላይነህ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

"ክፍት ሆኖ ነጭ ከተቀባ ግን የልማት ሥራ ነው።"

"ስንት ኬሻ ኖራ ይበቃዋል?"

ጸሐይወርቅ ቀና ሳትል፣ "ሠላሳ።"

"ለአንድ ጉድጓድ?"

"ውስጡም ይቀባል። ወለሉ ካልጠገበ ከሥር እየጠቆረ ይመጣል።"

"ይቀባ!" አለ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ለጉድጓድ እጅ ሲወጣ ያየሁት ዛሬ ነው።

ነሐሴ 26

ቀባን። ኖራው ውሃ ሲነካው ተንተከተከ። በርሜሉን እያጋደልን መርዙን ጨመርን፣ በረጅም እንጨት አማሰልን። ጸሐይወርቅ አፍንጫዋን በሻሽ ጠቅልላ ታዛለች። ጓድ በላይነህ ከሩቅ ቆሞ አየ።

"ነጭ ነው" አለ። "ጥሩ ነው።" ሄደ።

"ሳቅሽ እንዳያመልጥሽ" አልኳት።

"አማስል አንተ።"

ጳጉሜ 4

ጸሐይወርቅ መረመረች። ኃይሉ ተሰብሯል። የያዘችውን ብርጭቆ ደጋግማ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገችው።

መስከረም 3 ቀን 1977

እንግዳው ትናንት መጣ። ከመኪና አልወረደም። ታቦርን ቀና ብሎም አላየ። ኤግዚቢሽኑ በር ላይ ሦስት ዱባና አንድ ጎመን ሲጠብቁት ዋሉ።

ዛሬ ጉድጓዱን ደፈንነው።

መስከረም 19

ጓድ በላይነህ ተመሰገነ። ለየአውራጃው አዲስ መመሪያ ሄደ፦ በአዋሳ በተገኘው ተሞክሮ መሠረት ማንኛውም የመርዝ ጉድጓድ ከመደፈኑ በፊት ውስጡ በሚገባ ነጭ ይቀባ። ኖራም ተመድቦለታል! ለማርከሻ ያልተገኘ ኖራ ለጌጥ ተገኘ። የፊተኛውን መመሪያ ማንም አላነበበውም፤ ይሄ ይፈጸማል። አጨበጨብኩ። በስብሰባ ላይ ከልቤ ሳጨበጭብ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሥራ ስመለስ ለእትዬ ታቢታ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መርዙን፣ ኖራውን፣ ስብሰባውን። በላይነህን እያስመሰልኩ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

"ስቀዳ እያየህ ሰላም ስትለኝ ታውቅ ነበር?"

"ያኔ ገና አልተቀበረም እኮ እትዬ..."

"ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።"

"አውቅ ነበር።"

የሚቀለድ ነገር ፈለግሁ። አንድም አልመጣልኝ።

ከምንጩ በጣሳ ሞልተው ሰጡኝ።

"ጸሐይወርቅ ይሄንንም መርምራዋለች፣ ንጹህ ነው..."

"እሷን አልጠየቅኩም። ጠጣ።"

ጠጣሁ።

"ድገም።"

ደገምኩ። ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። ጣሳውን አይደለም፤ ፊቴን። ጨርሼ አፌን እስክጠርግ ቆዩ።

ከዚያ በኋላ ነው ጎንበስ ብለው ለራሳቸው የቀዱት።