የፍሪጁ አደራ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? እንዴት ከርመሃል የምልህ ከጻፍኩልህ ብዙ ስለቆየሁ ነው እንጂ፣ እንዴት አደረ፣ እንዴት ዋለ ብዬ በሆዴ ሳልጠይቅህ የቀረሁበት ቀን የለም። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀህ? ወገብህስ? ባለፈው በስልክ ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን ተዛወርኩ ብለህ ነበር፤ እንቅልፍህ ተመለሰልህ ወይ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ? እንደ ልጅነትህ ቆመህ እየጎረስክ እንዳይሆን። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው፤ የቀረውን ከታች ታነበዋለህ።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ ሳወራህ እናታችን ድምፁን ከፍ አድርጊው ትለኛለች፣ አባታችንም ወንበሩን ያስጠጋል፤ ከዚያ በኋላ ከሰላምታ ሌላ ምን ይወራል? አጭር መልእክት እንዳልልክልህ ደግሞ ነገሩ በአጭር የሚያልቅ አይደለም። የላይኛው ፎቅ መምህር አንተ ወዳለህበት የሚሄድ ዘመድ አለኝ ሲለኝ ጊዜ፣ በምሳ ሰዓቴ እዚሁ ላውንደሪው ውስጥ፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቼ መጻፍ ጀመርኩ። ፊደሉ ከተንጋደደብህ እጄ ዝሎ ነውና ይቅር በለኝ።

ነገሩ ስለ ፍሪጁ ነው። በመጀመሪያ ደሞዝህ የገዛኸው ነጩ ፍሪጅ። አትሳቅ። የአባታችን ኢንሱሊን እዚያ ውስጥ እንደሚቀመጥ ታውቃለህ፤ የሦስት ወሩን በአንድ ጊዜ ነው የሚሰጡን። ስኳሩ ካልወረደ እግሩ ላይ ያለችው ቁስል አትድንም፤ ቁስሏ ካልዳነች ደግሞ የእግሩን አውራ ጣት እንቆርጣለን ብለዋል ሐኪሞቹ። ይህን አልነገርንህም ነበር። አሁን ነገርኩህ።

ከሦስት ወር በፊት ጀምሮ ማታ ከሥራ ስገባ ወተቱ ኮምጥጦ፣ ቲማቲሙ አልቦት፣ ከፍሪጁ ሥር ውሃ ተንጠባጥቦ አገኝ ነበር። ጠዋት ስነሳ ግን ፍሪጁ ደህና ነው፤ እንደ ልማዱ እያጉረመረመ ይቀዘቅዛል። ሲያሰኘው የሚታመም፣ ሲያሰኘው የሚድን በሽተኛ ሆነብኝ። ቀኑን ሙሉ በካውያ እንፋሎት ስቀቀል ውዬ፣ ቤት ስገባ ደግሞ ቅዝቃዜው የት ሄደ እያልኩ ስፈልግ እየኝ እስቲ። በመጀመሪያ የበሩን ጎማ በሳሙና አጠብኩ። ወረቀት መሐሉ አድርጌ በሩን ዘጋሁና ሳብ አደረግሁት፤ ጥብቅ አድርጎ ያዘው፣ ስለዚህ ጎማው አልለቀቀም። ከዚያ ከግድግዳው አራቅሁትና ከጀርባው ያለውን ጥቁር ፍርግርግ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረግሁ፤ የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር። በረዶውን በቢላ አልፋቅሁም፣ ሙቅ ውሃ ያለበት ድስት ውስጡ አስቀምጬ ነው ያቀለጥኩት። ወገቤ እስኪቆረጥ ለፋሁ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የቅዝቃዜውን መቆጣጠሪያ ከሦስት ቁጥር ወደ ሰባት፣ ወደ መጨረሻው አዞርኩት። መድኃኒቱንም ይቀዝቅዝ ብዬ ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳ ጋር አስጠጋሁት።

አባታችንን ግን አቅሙ ከቀን ወደ ቀን እየከዳው መጣ። ውሃ ይጠጣል፣ አሁንም ይጠጣል፣ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ ግድግዳ ይዞ ነው። መርፌውን በሰዓቱ ይወጋል፤ ስኳሩ ሲለካ አራት መቶ። እኔ ደግሞ በድብቅ ጣፋጭ የሚበላ መስሎኝ ተኝቶ ሳለ ኮቱን ፈተሽኩ። የአባቴን ኪስ። ያገኘሁት አንድ መሐረብና የአንተን ጉርድ ፎቶ ነው። ያን ቀን ከራሴ ጋር ተጣልቼ ዋልኩ። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ብልቃጡን አምጪልኝ ብላኝ ወሰድኩላት፤ ወደ ብርሃን አንስታ አየችውና ይህ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ነው፣ ጓጉሏል፣ ከእንግዲህ ከውሃ አይሻልም አለችኝ። ሞቀ ብዬ ስሰጋ በረዶ ሆኖ ተበላሸብኝ።

ፍሪጅ የሚሠራውን ሰውዬ ጠራሁት። ሰፈሩ አድምጥ ይለዋል፤ ጆሮውን ፍሪጁ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሰው እንዲተነፍስ እንኳን አይፈቅድም። ብዙ አዳመጠና ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ጋዙም አላነሰም፣ ይህ ፍሪጅ ቀን ቀን እየጠፋ ነው አለኝ። ካላመንሽኝ ኩባያ ውስጥ ውሃ አቀዝቅዢና በረዶ ሲሆን ሳንቲም ላዩ ላይ አስቀምጪ፤ ሳንቲሙ ከሰመጠ በረዶው በመሐል ቀልጧል ማለት ነው አለ። እንዳለኝ አደረግሁ። ጠዋት ላዩ ላይ የተውኩት ሳንቲም ስመለስ እስከ ግማሽ ድረስ ወርዶ አገኘሁት።

በማግስቱ አሞኛል ብዬ ከሥራ በሰባት ሰዓት ወጣሁ፤ ብዙም አልዋሸሁም። ወጥ ቤት ከእናታችን ጋር ሽንኩርት እየላጥን ተቀመጥን። ከቤታችን ሥር ብየዳ ቤት መከፈቱን ነግሬህ ነበር፤ ሦስት ወሩ ነው። ባለቤቱን ብልጭታ እንለዋለን። ጠዋት ጠዋት ሰው ቤት በር ሲገጥም ያረፍዳል፣ ከሰዓት በኋላ ይበይዳል። ስምንት ሰዓት ላይ መበየድ ሲጀምር የወጥ ቤቱ አምፖል ፈዘዝ አለ፣ ቦግ አለ፣ እንደገና ፈዘዘ። እናታችን ተነሳች። እጇን በፎጣ አደረቀች፣ የፍሪጁን ሶኬት ነቀለች፣ ገመዱን ጠቅልላ ላዩ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እማዬ ምን እያደረግሽ ነው ብላት፣ መብራቱ ሲፈዝ ቶሎ ንቀይው ብሎኛል፣ አደራ ብሎኛል አለች። ማን ነው ያለሽ? ልጄ ነዋ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብልጭታ ሥራውን ሲያቆም መልሳ ሰካችው፤ እኔ ሁልጊዜ የምገባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስለፋ እያየሽ ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ ማን ጠየቀኝ፣ አንቺ የጠየቅሽው ስለ ጎማው ነው አለችኝ። ልቆጣ አሰብኩ፤ ሳቄ መጣ፤ አንዱንም ሳላደርግ ሽንኩርቴን ላጥኩ። በሽንኩርቱ አሳብቤ ትንሽ አለቀስኩ።

አንተ ታስታውሰው ይሆን? ሻንጣህ በር ላይ ሆኖ፣ ታክሲው ከታች ጡሩምባ እየነፋ፣ እማዬ መብራቱ ከፈዘዘ ንቀይው፣ ሞተሩ እንዳይቃጠል፣ አደራ ብለሃት ሄድክ። ያኔ መብራቱ የሚፈዘው በወር አንዴ ቢሆን ነው። እሷ ግን አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ብላ ዘጠኝ ዓመት ጠበቀችው። እንግዲህ እሷ ቀን ታሞቀዋለች፣ እኔ ደግሞ ማታ በሰባት ቁጥር በረዶ አደርገዋለሁ፤ በመሐል የአባታችን መድኃኒት አለቀለት። ለመፍረድ አትቸኩል። እጄ አለበት።

መፍትሔው ቀላል ነበር። መቆጣጠሪያውን ወደ ሦስት መለስኩ፣ ስታቢላይዘር አስገባን፤ አድምጥ ራሱ ከእንግዲህ መብራቱ ቢፈዝም ፍሪጁን አይጎዳውም፣ አይነቀል ብሎ አስረዳት። ራሷን ነቀነቀች፣ መረቀችው፣ እስከ ደረጃው ሸኘችው። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነቀለችው። ሶኬቱን በፕላስተር ዙሪያውን አሸግሁት፤ በጥፍሯ ልጣ ነቀለችው። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እሱ ይንገረኝ፣ አደራውን የሰጠኝ እሱ ነው ትለኛለች። አዲሱን መድኃኒት መምህሩ ቤት አስቀምጬ ጠዋትና ማታ ሦስት ፎቅ እየወጣሁ አመጣለሁ፤ ግን እሱም በወሩ መጨረሻ ቤቱን ይለቃል። ከዚያ ወዲያ ቀዝቃዛ ቦታ የለንም።

ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልደወልሽልኝም ትለኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገርህ፤ ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቼ መልሻለሁ። ቀንቼብህ ነው። እኔ እዚህ ነኝ፤ ቁስሉን የማጥብ እኔ፣ መርፌውን የምቀዳ እኔ፣ ሐኪም ቤት ሰልፍ የምይዝ እኔ። አንድ ነገር፣ አንድ ሶኬት፣ በእኔ ቃል እንዲቀመጥ ፈለግሁ። አልሆነም። አንተ በር ላይ ቆመህ ጣል ያደረግሃት ቃል የእኔን ዘጠኝ ዓመት በለጠች። ደክሞኛል፣ ወንድሜ። በአንተ ላይ ቂም የለኝም፤ ግን ደክሞኛል።

አባታችን የመንቀሏን ነገር ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ወንበሩ ላይ ሆኖ በየቀኑ ያያታል። ለምን ዝም አልክ ብለው፣ ሶኬቱን ስትነቅል ይኸው ልጄ እንዳልከኝ አደረግሁ ትላለች፣ ሳታለቅስ እሱን የምታነሳው ያን ጊዜ ብቻ ነው አለኝ። መድኃኒቱ እንደተበላሸ ሲሰማም የለመነኝ አንድ ነገር ነው፤ እንዳትነግሪያት፣ ይህን ካወቀች እኔን ቀና ብላ ማየት ያቅታታል አለ። ሐኪሙ መድኃኒት ቀየረለት ብለናታል፤ አምናለች።

እንግዲህ የምለምንህ ይህን ነው። ደውልላት፤ እኔን ሳይሆን እሷን አቅርቢልኝ በል። ስለ መድኃኒቱና ስለ ጣቱ ቃል እንዳታነሳ። እማዬ ፍሪጁን በደንብ ጠብቀሽልኛል፣ አደራዬን መልሼ ተረክቤያለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ መብራቱ ቢፈዝም አይነቀል በላት። ተረክቤያለሁ የምትለዋን እንዳትረሳ፤ ያለዚያ አትለቅም። ልታለቅስ ትችላለች፤ አትቸኩልባት፣ እስክትጨርስ ስልኩን አትዝጋ።

አባታችን ሳሉን ይጠንቀቅ፣ ሹራብ ይደርብ ብሎሃል፤ ጉንጭህንም ይስማል። መምህሩና አድምጥም ሰላም ብለውሃል፤ ብልጭታ እንኳን ሳያውቅህ የእናቴን ልጅ ሰላም በሉልኝ ብሏል። አብሮህ የሚኖረውን ጓደኛህን፣ የምታበስልላችሁንም ሴትዮ በእኛ ስም ሰላም በልልን። እናታችን ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ታውቃለች፤ ምን እንደምጽፍ ግን አልጠየቀችኝም። ጠዋት ስወጣ ምን ልበልልሽ ብላት፣ ፍሪጁ እንደተውከው ነው፣ ምንም አልሆነም፣ አያስብ በዪው አለችኝ።

ሁልጊዜ የምታስብህ ታላቅ እህትህ
ከላውንደሪው፣ ከመተኮሻው ጠረጴዛ
መጋቢት ፲፩ ቀን