የማቴዎስ ጊታር

ውድ ማቴዎስ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? እኛ ሆሳዕናዎች ዝናቡ አላባራ ብሎን ከጭቃው ጋር እየታገልን ነው። ዘፈናችን «ዝናቡ ሳይመጣ»ን ግን ጭቃ አላገዳትም። ሾፌሩ አወል በውድድሩ ቀን በቴፑ የቀዳት ካሴት ተባዝታ ዱራሜም ሀደሮም ደርሳለች። መናኸሪያ ውስጥ አንዱ አውቶቡስ ሲያቆማት ሌላው ይቀጥላታል።

መቼም በፊትህ አመስግኜህ አላውቅም፤ ትኮራለህ ብዬ ነው። የቀበሌው የኪነት ቡድን ስንባል ሁላችንም ገና ተማሪዎች ነበርን፤ «ዝናቡ ሳይመጣ»ንም እንደ ሌሎቹ ዘፈኖቻችን ለስለስ አድርገን ነበር የምንጫወታት። ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር የለመድከውን ጊታር፣ ቀበሌው ስብሰባ በሚጠራበት ድምፅ ማጉያ ላይ የሰካኸው አንተ ነህ። ድምፁ ሻከረ፣ ተሰነጠቀ፣ ጆሮ የሚበሳ ሆነ። ሌላው ቢሆን ደንግጦ ይነቅለው ነበር። አንተ የከምባታ ጎረምሶች በሠርግ መሬት የሚደልቁበትን ምት አመጣህበት፤ እኔም ሳላስበው ጮኼ ዘፈንኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዳኘ ግን ይህ የኢምፔሪያሊስት ጩኸት ነው አለ። ለአውራጃው ውድድር ለስላሳዋን እንድንጫወት አስጠነቀቀን። አንተን ደግሞ ለብቻህ ጠርቶ «ካልታዘዝክ ከኪነቱ ትወጣለህ፤ ከወጣህ ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና ይጠብቅሃል» አለህ። መድረክ ላይ ስንወጣ ለስላሳዋን እንድትጫወት እመቤታችንን እማጸን ነበር። ዞር ብለህ አየኸኝ፣ ፈገግ አልክ፣ ጊታሩን ከዚያው ማጉያ ጋር ሰካኸው። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። የፈሩት ይደርሳል፤ በሳምንቱ ለውትድርና ወሰዱህ።

በምትክህ የመጣው ጊታሪስት ጎበዝ ነው፣ አንድ ኖታ አይስትም። ሰው ግን ቁጭ ብሎ ነው የሚያዳምጠን።

ያለፈው ቅዳሜ እናትህን እማማ ወርቅነሽን መናኸሪያ አገኘኋቸው፤ ከዱራሜ መምጣታቸው ነበር። አወል ካሴቷን ከፈተላቸው። ትንሽ እንደሰሙ «አንቺንስ ሰማሁ፤ ልጄ የቱ ጋ ነው ያለው?» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔን ውጦ የሚጮኸው እሱ ነው» አልኳቸው።

ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ። አወል እንዳያማቸው ብሎ ድምፁን ሊቀንስ ሲል እጁን ያዙት።

«ተው፣ ይጩህ» አሉት።

ናልን፣ ማቴዎስ። እስክትመጣም ቢሆን ለስላሳዋን አልዘፍንም።

የምትናፍቅህ ዘነበች
ሆሳዕና፣ ሐምሌ 1977