ጥላህ የወደቀባቸው ፎቶዎች

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ አባት፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጉልበትህን እንደሚያምህ ሰምቻለሁ። ከልጅህ ጋር በስልክ ስታወሩ እኔ ጓዳ ሆኜ ዕቃ አጥባለሁ፤ ቧንቧውን ግን እዘጋዋለሁ። ደረጃ ስትወርድ ቀስ ብለህ ውረድ፤ ማታ ማታ በሞቀ ውኃ ያዘው።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው እንጂ ሰሞኑን አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህችን ደብዳቤ ስጀምር እንኳ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ነፋሱ ወረቀቱን ሲያነሳብኝ ዘጋሁት፤ ሲሞቀኝ መልሼ ከፈትኩት። ልጅህ "እማዬ፣ ወይ ጻፊ ወይ ተዪው፤ ወለሉን በእግርሽ ጨረስሽው እኮ" ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ወደ እናንተ ከተማ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሹፌር ዛሬ ከመሄዱ በፊት ብቅ ይላል፤ ስለዚህ ጽሑፌ ቢዛነፍብህ በችኮላ ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብላ ዛሬ ምን ፈልጋ ነው እንደምትል አውቃለሁ። የታመመ የለም፣ የሞተ የለም፣ አትደንግጥ። ፊርማህን ፈልጌ ነው። ፊርማ ስል ደግሞ ልብህ ወደ ሌላ እንዳይሄድ፤ የፎቶ ጉዳይ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ባለፈው ወር ልጅህ ስልኳን ይዛ መጣችና "ስለ ፋብሪካችሁ የተጻፈ ነገር አገኘሁ" አለችኝ። ከየአገሩ ያለ ሰው የሚያውቀውን እየጨመረ በጋራ የሚጽፈው ድረ ገጽ ነው፤ ማንም አይከፈለውም፣ ማንንም አያስከፍልም። ስለ ክር ፋብሪካችን ረጅም ጽሑፍ አለው። ማን እንዳቋቋመው፣ ማሽኖቹ በምን ተጭነው እንደመጡ፣ መቼ ተዘግቶ መቼ እንደፈረሰ ሁሉ ተጽፏል። ፎቶ ግን አንድም የለውም። ፎቶ መግባት በነበረበት ቦታ ባዶ ግራጫ ሳጥን ተቀምጧል። ደሜ ፈላ። ያን ያህል ዘመን ጥጥ እየተነፈስን የኖርንበት ቤት እንዳልነበረ ሆኖ ቀርቷል። ተነስቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩና አንተ ያነሳሃቸውን ፎቶዎች፣ ያው በጫማ ካርቶኑ እንደተውካቸው፣ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። "ይኸው፤ ስጪያቸው" አልኳት።

መስጠቱ ለካ እንደ አሮጌ ልብስ አይደለም። ልጅህ ሁሉንም እስካን አድርጋ ከጨረሰች በኋላ ውሉን አነበበችልኝ። ማንም ሰው ፎቶውን ወስዶ ማተም፣ መቁረጥ፣ መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት ይችላል፤ ግዴታው ያነሳውን ሰው ስም መጻፍ ነው።

"ቢሸጠውስ?" አልኳት።

"ይሸጠዋላ። ስሙን ይጻፍ እንጂ መሸጥም ይችላል።"

"እሺ፣ ሰጥቼ ብጸጸትስ?"

"መመለስ የለም እማዬ። አንዴ ከሰጠሽ ሰጠሽ ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የምትይው አንቺ አይደለሽ?"

ትንሽ ፈራሁ። ያን ግራጫ ሳጥን ሳስበው ግን "ጫኚያቸው" አልኳት። ቀጥሎ "የማን ሥራ ነው?" የሚል ጥያቄ መጣ። እኔም ሳላቅማማ "የራሴ በዪ" አልኩ። የፎቶ ባለቤት ፎቶው ላይ ያለው ሰው ይመስለኝ ነበር። ቀሚስ የለባሹ ነው እንጂ የሰፊው አይደለም። ፊቱ የኔና የጓደኞቼ፣ ካርቶኑ የኔ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ካሜራው ከሁለታችን ደመወዝ የተገዛ፤ ታዲያ የማን ልበል? ልጅህ "አንቺ ፎቶው ላይ ቆመሽ እንዴት አድርገሽ..." ብላ ጀምራ ነበር፤ አላስጨረስኳትም። ችኩል መሆኔን ታውቃለህ።

ለጥቂት ቀን ደረቴን ነፋሁ። ጓደኛዬ ራዲዮ በየቀኑ እየመጣች "እስቲ ክፈቺልኝ" ትላለች። ራዲዮን መቼም አትረሳትም፤ ከኔ ቀጥሎ ያለው ማሽን ላይ የነበረችው፣ ያ ሁሉ የማሽን ጩኸት ወሬዋን ያላስቆመባት። አንድ ቀን የማናውቀው ሰው እዚያው ገጽ ላይ "በግራ ጫፍ ያለችው፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እናቴ ናት። ሌላ ፎቶ የላትም። እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ጽፎ አገኘን። ቅመም ናት፤ ያቺ ማጠንጠኛ ላይ የነበረችው ድንክዬ። ማረፏን እንኳ የሰማነው በዚህ ነው። እኔና ራዲዮ ተቃቅፈን አለቀስን።

ከዚያ ጉጉት የሚባል ሰው መጣ። ስሙን ራሱ ነው ያወጣው፤ የሚጫኑትን ፎቶዎች በፈቃደኝነት የሚመረምር ሰው ነው፣ የት አገር እንደሚኖር አላውቅም። ትሑት ነው። ካመሰገነኝ በኋላ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ "እናቴ፣ መሃል የቆሙት ባለ ሻሽ እርስዎ እንደሆኑ ገልጸዋል። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝም ብለዋል። መሬቱ ላይ ደግሞ ቆብ ያደረገና ካሜራ የያዘ ሰው ጥላ ይታያል። እሱ ማን ነው?"

ብታምነኝም ባታምነኝም ያን ጥላ አይቼው አላውቅም ነበር። አንተ ሁልጊዜ ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርገህ እኛን ዓይናችንን ታስጨፍነን ነበር፤ ስንስቅ ይሁን ስናለቅስ አይለይም። ለካ ጥላህ ከፊታችን ተዘርግቶ ኖሯል። ክርኖችህ ግራና ቀኝ ወጥተው ባለ ሁለት ጆሮ ድስት መስለሃል። አንዱ ላይ ቆብህ ቀሚሴ ጫፍ ድረስ ደርሷል። "አባዬ ለምን አንድም ፎቶ ላይ የለም?" እያለች ላደገች ልጅ አሳየኋት። በጣቷ እየነካካችው ቆየች።

ለጉጉት "ባለቤቴ ነው" ብዬ መለስኩለት። "እንግዲያውስ መብቱ የሳቸው ነው፤ በሕይወት ካሉ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ይላኩ፣ ከሌሉም ወራሾቻቸው ይላኩ" አለኝ። "አለ" ብዬ ጻፍኩ። ከላክሁት በኋላ ያነሰ መሰለኝና "በሕይወት አለ፣ ደህና ነው" ብዬ ደግሜ ላክሁ። እሱ የጠየቀኝ ይህን አልነበረም።

አሁን በየፎቶው አናት ላይ ቀይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ፈቃዱ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣ ሁሉም ይሰረዛሉ፤ የቅመምም አብሮ ይሄዳል፣ ልጇም ያገኘውን መልሶ ያጣል። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ወንበር የማይቀበለኝ። ምግብ ጥጄ እረሳለሁ፤ ሱቅ ደርሼ ምን ልገዛ እንደወጣሁ ይጠፋኛል። ተሰርዘው እንደሆነ ብዬ ስልኩን ደጋግሜ እከፍታለሁ። ልጅህ ስልኩን ደበቀችብኝ፤ ፈልጌ አገኘሁት።

ራዲዮ ደግሞ መፍትሔ አለኝ ብላ መጣች። "ጥላውን ቆርጠሽ መልሰሽ ጫኚያ፣ ማን ያውቃል?" አለችኝ። እንደዚያ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም። "ከሰውየው የቀረኝ ጥላው ነው፤ እሱንም ቁረጪ ትይኛለሽ?" አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ፤ እሷም ደነገጠች። ይኸው ላንተም ጻፍኩት።

ልጅህ "ለአባዬ ልደውልለት፣ በደቂቃ ያልቃል" ብላ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ያበላሸሁት እኔ፣ የምጠይቀውም እኔ ነኝ። ፋብሪካው የተዘጋ ጊዜ አንተ "ሥራ ወዳለበት እንሂድ" ስትል እኔ "ከዚህ ንቅንቅ አልልም" አልኩ፤ ሁለታችንም አንሸነፍም ብለን ነው እዚህ የደረስነው። ማን ልክ እንደነበር ዛሬ አላነሳውም። ከፈለግህ ራዲዮን ጠይቃት፤ ላንተም ፈርዳልሃለች፣ ለኔም ፈርዳልኛለች።

የፈቃዱን ጽሑፍ ልጅህ በኢሜይል ትልክልሃለች፤ ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ እንዳትልከው ግን አስምያታለሁ። አጭር ነው፤ ስምህን ጽፈህ መልሰህ መላክ ብቻ ነው። "ይህን ስጦታ መልሼ መውሰድ እንደማልችል ተረድቻለሁ" የሚል መስመር አለበት። እሱ ላይ ስትደርስ ቆም ብለህ አስብ። ደስ ካላለህ ተወው፤ አልቀየምህም። ውሸቴን ነው፣ እቀየምሃለሁ።

በምን ስም እንዲጻፍልህም ንገረኝ። ካንተ ጥላ ሥር የኔ ስም ተጽፎ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። ፋብሪካው በሙሉ የሚያውቅህ መፍቻው ብሎ ነው፤ መፍቻ ከኋላ ኪስህ ጠፍቶ አያውቅምና። መታወቂያህ ላይ ያለውን ስም ከኔና ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔ መፍቻው ቢባል እመርጣለሁ። ቅመም ለልጇ አውርታለት ከሆነም በዚያ ስም ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከፎቶዎቹ አንዱን ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ፤ በሩ ላይ ያነሳኸው ነው፣ የኔ ፈረቃ ሲወጣ ያንተ ሲገባ። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል፤ እኔ አፌን ከፍቻለሁ። ልጅህ "እማዬ፣ እዚህ ጋ ምን እያልሽ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። አላስታውስም አልኳት። ራዲዮ አጠገቧ ነበረች። የፈትል ክፍል ሰው መቼም በዚያ ጩኸት ውስጥ ከንፈር እያነበበ ነው የሚያወራው፤ አንተም ማሽን ልትጠግን ስትመጣ ከኛ ተምረሃል። ራዲዮ አንዴ አየት አደረገችና "ቶሎ ና ነው የምትለው" አለቻት። ልጅህ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ዕቃ ላጥብ ብዬ ተነሳሁ።

ጉጉት በየፎቶው ሥር ማን፣ የት፣ ምን ሲያደርግ እንደሆነ ጻፉ ይላል። እዚያኛው ላይ "ሠራተኞች በፈረቃ ለውጥ ጊዜ" ብዬ ጽፌያለሁ። የቀረውን አንተ ሙላው። ከካሜራው ኋላ የነበርከው አንተ ነህ፤ የተናገርኩትም ላንተ ነበር።

የሹፌሩ መኪና ጥሩምባ ተሰማኝ መሰለኝ። ጉልበትህን ይማርልህ። የምትይዘው ብረት አይቁረጥህ፣ የምትረግጠው መሬት አያዳልጥህ። የልጃችንን ወግ ማዕረግ አብረን ለማየት ያብቃን።

የልጅህ እናት፣
ባለ ሻሿ

ሹፌሩ አልነበረም፤ ሌላ መኪና ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልጨምር። ፈቃዱን በኢሜይል መላክ ይበቃል ብዬሃለሁ። ባለቤቱ ራሱ በአካል መጥቶ ቢሰጥስ ብዬ ጉጉትን ጠይቄው ነበር። ግራ ገብቶት ነው መሰለኝ ቆይቶ ነው የመለሰልኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት አያውቅም፤ የሚከለክል ደንብ ግን የለም ብሏል።