የሐዲዷ ደወል መቺ፦ የወይዘሮ ቬቱሪያ ኩርኬአን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቬቱሪያ ኩርኬአን ከአባታቸው ከእንጨት ቆራጩ ከአቶ ሲሚዮን ሙሬሻን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራቬካ በዚችው በቫሌያ ሱራ መንደር ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1941 ተወለዱ። በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ ያልቀጠሉት ጭንቅላት አንሷቸው ሳይሆን ጫማ ስላልነበራቸው ነው።

በ1957 አባታቸው የሦስት ዓመት የቤተ ክርስቲያን መዋጮ ሳይከፍሉ ዐረፉ። በሰበካው ደንብ ውዝፍ ላለበት ሟች ደወል አይደወልም። አስከሬኑ ወደ መቃብር ሲወርድ ይሰማ የነበረው የሰው ኮቴ ብቻ ነው። እናታቸውን ከሐዘኑ ይልቅ ኀፍረቱ አንገት አስደፋቸው። ወይዘሮ ቬቱሪያ ያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ያን ዝምታ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቅር አላሉትም።

በ1961 የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ጋቭሪላ ኩርኬአን ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሌቲጽያንና ኦቪዲዩን ወልደዋል። በ1979 የደወል መቺው ሥራ ክፍት ሲሆን፣ ደመወዙን የናቁት ወንዶች ሁሉ ዞር አሉ፤ እሳቸው ተቀበሉት። ቁመታቸው አጭር ስለነበር ገመዱ ከመሬት ብድግ ያደርጋቸው ነበር፤ «ወደ ሰማይ የምጠጋው በዚህ ብቻ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

በ1998 መንደሩ ይተዳደርበት የነበረው የማዕድን ማውጫ ተዘግቶ ሰዉ ሲደኸይ፣ ሰበካ ጉባኤው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የባለ ዕዳዎችን ስም ጽፎ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጠፈ። በዚያው ሰሞን የአራት ዓመት ውዝፍ የነበረባቸው ጎረቤታቸው አቶ ሳቪን ሞቱ። ወይዘሮ ቬቱሪያ ደወሉላቸው። የጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ዶሬል እየሮጡ መጥተው፣ «እትዬ ቬቱሪያ፣ ያልከፈለ አይደወልለትም! ደንቡ ጠፋዎት እንዴ?» ቢሏቸው፣ «ደንቡንማ ከአባቴ ሬሳ ኋላ እየሄድኩ ተምሬዋለሁ። ለመሆኑ አንተ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ በር ላይ ቆሞ ደረሰኝ ይጠይቃል ያለህ ማነው?» አሏቸው፤ ገመዱንም አልለቀቁም። በማግስቱ የደወል ቤቱን ቁልፍ ተቀሙ።

ባለቤታቸው ከሥራ ያመጧት ቁራጭ ሐዲድ ጓሮ ወድቃ ነበር። እሷን በደጃቸው የዋልነት ዛፍ ላይ በሽቦ ሰቀሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዕዳ ይዞ ለሞተ ሁሉ በመዶሻ ሲመቱ ኖሩ። በኋላማ ጉድ መጣ፤ ዕዳ የሌለባቸውም «ለእኔ ሐዲዷ ትመታልኝ» እያሉ ይናዘዙ ጀመር። የአቶ ዶሬል እናት እንኳ አልቀሩም።

በ2009 አዲሱ አገልጋይ አባ ኢላሪየ ዝርዝሩን ከበሩ ቀድደው ቁልፉን መለሱላቸው። ደንቡ ግን ከመዝገቡ አልተሰረዘም። ስለዚህ ወይዘሮ ቬቱሪያ ቁልፉን ከተቀሙ ጀምሮ ያቆሙትን መዋጮ ከዚያም በኋላ አልከፈሉም። አጥተው አይደለም፤ በየዓመቱ በዚያ ገንዘብ ማገዶ እየገዙ በክረምት ምድጃው ከቀዘቀዘበት ሰው ደጅ ያስወርዱ ነበር።

ከ2021 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ዘንድሮ አልጋ ያዙ። ጎረቤቶች የሃያ አምስት ዓመት ውዝፋቸውን ሊከፍሉላቸው ገንዘብ ቢያዋጡ፣ ለየባለቤቱ አስመለሱት። አባ ኢላሪየም «እማማ፣ እኔ ልሰርዘው» ቢሏቸው፣ «እንዳይነኩት አባ! የእኔን ሰርዘው የሌላውን ሊተዉት ነው? ወይ ከነዕዳዬ ይደወልልኛል፣ ወይ እንደ አባቴ በዝምታ እወርዳለሁ» ብለው እምቢ አሉ።

ወይዘሮ ቬቱሪያ ኖቬምበር 9 ቀን 2023 በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና የደወሉላቸው ሟቾች ቤተሰቦች ሁሉ ሐዘንተኞቻቸው ናቸው።

ሰበካ ጉባኤው ትናንት ሲከራከር ውሎ ሳይስማማ ተበትኗል። ደንቡ ዛሬም መዝገቡ ላይ አለ፤ ውዝፉም አለ፤ ልጆቻቸውም አይከፍሉትም። ደወሉ ግን ይኸው፣ ሁላችሁም እየሰማችሁት ነው። ገመዱን የሚስቡት አቶ ዶሬል ናቸው፤ ማንም አላዘዛቸውም። ሐዲዷን አናወርዳትም፤ መዶሻውም ከዛፉ ሥር ይቆያል።

አምላክ የእናታችንን ነፍስ ደረሰኝ ሳይጠይቅ ይቀበልልን። አሜን።