ከትሁት እጅ ሰው ያልተቀበለው መጽሐፍ

ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንዝ ማዶ የሕዝብ ንባብ ቤት አስተዳደር ጽ/ቤት
ለጽ/ቤቱ ኃላፊ ለአቶ ኃይለመስቀል
ቦንጋ

አመልካች፦ ወ/ሮ መኪያ ከሚል፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ የእሁዱ የንባብ ክበብ አባል

ጉዳዩ፦ ከመደርደሪያ ተነሥቶ የተቆለፈበት መጽሐፍ እንዲወጣ፣ ትሁት የተባለችው አንባቢም ወደ ጋራ ንባቡ እንድትመለስ ስለመጠየቅ

ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ያለኝን አክብሮት አስቀድሜ እገልጻለሁ። በዚሁ ጉዳይ ከአሁን በፊት ያስገባሁት ማመልከቻ «ይታያል» ተብሎ ተመርቶበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማን እንዳየው አላውቅም። ይህኛውም የተሻለ ዕድል ይገጥመዋል ብዬ አልጽፍም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

1. ተወልጄ ያደግሁት ቦንጋ ነው። አባቴ ከስልጤ አገር ጨርቅ ይዞ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ነበር፤ እኔም የእሱን ሱቅ ይዤ አለሁ። በትምህርት ቤት «መጤ» ስባል አድጌያለሁ፤ ዛሬም ሰው ሲቆጣ ቃሉ ከአፉ ያመልጠዋል። ይህን የማነሣው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ዳር መቆም ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ ብቻ እንዳልተማርኩት እንዲታወቅልኝ ነው።

2. ክበባችን እሁድ ከሰዓት እንዴት እንደሚያነብ እርስዎ ራስዎ ያውቃሉ። መጽሐፉ ሁልጊዜ አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ሌላ የለንም። ስለዚህ ጠረጴዛውን ከበን እንቀመጣለን፤ አንዱ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነብና ለጎኑ ሰው በእጁ ያቀብላል። ዙሩ ሲሞላ ውይይት ይጀመራል። አሠራሩን ያመጣው ድህነታችን ነው፤ እኔ ግን እወደው ነበር፤ ሳያነብ የሚፈርድ ሰው አይኖርምና። በሩ ላይም «በንባብ ዘረኝነትን እንዋጋ» የሚል ወረቀት በጽ/ቤቱ ማኅተም ተለጥፏል፤ እስካሁን አልተነሣም።

3. ባለፈው ዓመት የመረጥነው መጽሐፍ፣ በሩቅ አገር ጥቁር ሰዎች በቆዳቸው ምክንያት ከነጮች ጋር ከአንድ ቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ የተከለከሉበትን ዘመን የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ያመጡልን ጡረታ የወጡት የመሬት ቀያሽ ጋሽ ሙሌ ናቸው። የልብ ወለዱ ጥቁር ልጅ ከቧንቧው ስትባረር የሚለው ገጽ የደረሰው ለእሳቸው ነበር፤ መሀሉ ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። ሌላዋ አባላችን እትዬ አስካለማርያም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እንዲህ ያለ ጭካኔ ከሰው ልብ እንዴት ይወጣል ብለውም ጠየቁ። እኔም አልቅሻለሁ። ያን ዕለት ከንባብ ቤቱ ስንወጣ ሁላችንም ጥሩ ሰዎች የሆንን መስሎን ነበር።

4. ትሁትን ያመጣኋት እኔ ነኝ። የዚያን ጊዜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ቤታቸው ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ አባቷ ከሰል ያከስላል። የደንብ ልብስ ጨርቅ ልትገዛ መጥታ ከሱቄ ደጃፍ ውጭ ቆመች። ግቢ ብላት እዚሁ ይሻለኛል አለች። ጨርቁን ለክቼ እስክቆርጥ ድረስ ግን መጠቅለያ ብዬ ያስቀመጥኩትን አሮጌ ጋዜጣ ከላይ እስከ ታች አንብባ ጨረሰችው። እንደዚያ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው በሱቄ ደጃፍ አይቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ጠራኋት። ለመምጣት ብዙ አመነታች።

ማንጆ ናት፤ በዚህ አገር በዘሩ ተገልሎ ከኖረ ወገን። እርስዎ ያውቁታል፤ ፋይሉ የአገሩ ሰው ባልሆነ ባለሥልጣን እጅ ቢገባ ግን ነገሩ እንዲገባው ልጻፈው። በብዙ ቤት ማንጆ እስከ ዛሬ ወደ ውስጥ ዝለቅ አይባልም፤ ከተጋበዘም ከደጅ፣ በኮባ ቅጠል ወይም ለእሱ ተብሎ በተለየ ዕቃ ነው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ «የማይበላ ይበላሉ» ይባላል። እኛ እስላሞቹና ክርስቲያኖቹ እኮ የአንዳችንን እርድ አንዳችን አንበላም። እንዲያም ሆኖ አንድ ጠረጴዛ ከበን መጽሐፍ ስንቀባበል ኖረናል፤ ወረቀት ሥጋ አይደለም። ይህን በክበቡ ፊት ተናግሬያለሁ።

5. የመጀመሪያዋ እሁድ እንዲህ ነበረች። እትዬ አስካለማርያም ገጻቸውን ጨርሰው መጽሐፉን ለትሁት አላቀበሉም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ገፋ አደረጉላት። ትሁት አንሥታ አነበበች። ቃል አትውጥም፤ አራት ነጥብ ላይ ታርፋለች፤ የሰውን ንግግር እንደ ሰው አድርጋ ታነባለች። ጨርሳ ለጋሽ ሙሌ ዘረጋችላቸው። ጋሽ ሙሌ መነጽር አልያዝኩም አሉ፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። ከእሳቸው ቀጥሎ የተቀመጠው ደግሞ ጉሮሮውን እንደከረከረው ነገራት። በመጨረሻ «አንቺው ቀጥይ፣ ድምፅሽ ያምራል» ተባለች። ሰዓቱ እስኪያልቅ ብቻዋን አነበበች፤ ከሕዝብ ግንኙነት የመጣው ባለሙያም መጽሐፉን እንደያዘች ፎቶ አነሣት።

ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። እትዬ መኪያ፣ ንባቤን ወደዱልኝ አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ያየሁትን ሳልነግራት ሸኘኋት።

6. በቀጠሉት እሁዶችም እንደዚያው ሆነ። ተራው ትሁት ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ እሷ ታነባለች፣ ሌላው ስለ ሩቁ አገር ግፍ ይወያያል። የንባብ ቤቱ ሠራተኛ አቶ ኤርምያስ ከኮሮና ጊዜ የቀረውን የእጅ ማጽጃ አልኮል ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠ። ለሁሉም ነው አለ። እሷ ከመምጣቷ በፊት ግን ያ ብልቃጥ ከመሳቢያ ወጥቶ አያውቅም። ኤርምያስ ክፉ ልጅ አይደለም፤ የታዘዘውን የሚሠራ ሰው ነው።

አንድ እሁድ ትሁት ገጿን ጨርሳ ተነሣች፤ መጽሐፉን ያን ዕለት ከእሷ ቀጥለው ለተቀመጡት ለእትዬ አስካለማርያም ዘርግታ ተራው የእርስዎ ነው አለቻቸው። እትዬ አስካለማርያም ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ልጅቷ እጇን አላጠፈችም። መጽሐፉ በአየር ላይ እንዳለ ቀረ፤ የሚቀበላት ጠፋ። ጠረጴዛውን ዞሬ ሄጄ እኔ ተቀበልኳት። ስቀበላት መጽሐፉን ሳይሆን ፊቴን ነበር የምታየው፤ ያኔ ሁሉም ነገር እንደገባት አወቅሁ። ለምን ቀድሜ አልነገርኳትም ብዬ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

7. ከዚያ በኋላ አንዳንድ አባላት ክበቡ ሰላም አጣ ብለው አመለከቱ። እርስዎም ውሳኔ ሰጡ። ውሳኔው በክፋት የተጻፈ አይመስለኝም፤ የከበደኝም ለዚህ ነው። ለትሁት የራሷ ቅጂ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ እንዲሰጣት፣ «ልዩ ትኩረት ለሚሹ አንባቢያን» ተብሎም ሐሙስ እንዲመደብላት፣ ዋናው መጽሐፍ ደግሞ «ስለተጎዳ» ከመደርደሪያ ተነሥቶ ቁምሳጥን ውስጥ እንዲቆለፍበት ተወሰነ። ክቡር ሆይ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎ፤ ይህ የተለየ ዕቃ ካልሆነ ምንድን ነው? የኮባ ቅጠሉን በወረቀት ተክተን ማኅተም መታንበት እንጂ ሌላ ምን አደረግን?

መጽሐፉን ኤርምያስን ለምኜ አይቼዋለሁ። አንድም ገጹ አልተቀደደም። ጉዳት የሚባል ነገር ካለበት ሽፋኑ ላይ አልኮሉ የለቀቀው ቀለም ብቻ ነው።

እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው፤ በማውቀው ልናገር። ጣቃ ሲዘረጋ የገባ የወጣው ሁሉ ይዳስሰዋል፤ ሳይዳሰስ የሚሸጥ ጨርቅ የለም። የትሁት አባት የዳሰሰው ጣቃ ተቆርጦ ለስንቱ ቤት ልብስ ሆኗል። እትዬ አስካለማርያም ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉት ቀሚስ ከየትኛው ጣቃ እንደተቆረጠ እኔ አውቃለሁ። እስካሁን አልነገርኳቸውም፤ ይህን ማመልከቻ ካዩት ግን ይወቁት።

8. ለፍትሕ ያህል የጋሽ ሙሌንም ልጻፍ። ከውሳኔው በኋላ ሱቄ ድረስ መጥተው ተቀመጡ። መኪያ ልጄ፣ ልቤ እሺ ብሎኛል፣ እጄ ነው እንቢ ያለኝ አሉ። ሻይ አስመጣሁላቸው፤ ሳይጠጡት በረደ። እንዳፈሩ አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድም እሁድ ሳያጓድሉ መጥተው አዲስ መጽሐፍ እያነበቡ ነው። እኔ መሄድ ትቻለሁ።

9. ትሁት ሐሙስ የሄደችው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኤርምያስ በሩን ከፍቶ ከወዲያኛው ጥግ ተቀመጠ፤ እሷ ፎቶ ኮፒዋን ይዛ ከወዲህ። ውሳኔው «የንባብና የውይይት ፕሮግራም» ይላል። ከማን ጋር እንድትወያይ እንደታሰበ አልተጻፈም። ቅጂውም ሙሉ አይደለም፤ ሲባዛ መብራት ጠፍቶ የመጨረሻው ምዕራፍ ቀርቷል፤ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ የጀመረውን የሚጨርስ አልተገኘም።

ፎቶዋ ግን ከጽ/ቤትዎ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ተገልለው የኖሩ ወገኖችን ያካተተ ምርጥ ተሞክሮ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ በሪፖርትም እንደቀረበ ሰምቻለሁ። ልጅቷ የማትገባበትን ቤት ፎቶዋ ይጠብቃል። ይህን ማመልከቻ ላስገባ ስመጣም በሥሩ ማለፌ አይቀርም።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፤

ሀ) መጽሐፉ ከቁምሳጥን ወጥቶ ወደ መደርደሪያው እንዲመለስ፤

ለ) የሐሙሱ ምደባ ተሽሮ ትሁት በእሁዱ ጠረጴዛ እንደማንኛውም አባል በተራዋ እንድታነብ፣ ጎኗ ያለውም ሰው በእጁ እንዲቀበላት፤

ሐ) ይህ የማይሆን ከሆነ ፎቶዋ ከግድግዳው እንዲወርድ፤

መ) ይህም የማይሆን ከሆነ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ተባዝቶ እንዲሰጠኝ። የማባዣውን እኔ እችላለሁ።

«ለ» ላይ የጠየቅሁት በደብዳቤ የሚታዘዝ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሰው እጅ በመመሪያ አይዘረጋም። የጻፍኩት እንዳልተጠየቀ እንዳይቆጠር ነው። በእውነቱ ተስፋ የማደርገው «መ»ን ነው፤ እሱንም በግማሽ ልብ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ የፈለግሁበትን ምክንያት ጨምሬ ላብቃ። ባለፈው የገበያ ቀን ትሁት ወደ ሱቄ መጣች። ዘንድሮ የደንብ ልብስ ጨርቅ አልጠየቀችኝም፤ ትምህርቱን ትታለች። የፈለገችው የከሰል ጆንያ አፍ የሚሰፋበት ሲባጎ ነው። እንደ መጀመሪያው ቀን ከደጃፉ ውጭ ቆመች፤ ግቢ ብላትም አልገባችም። በመሀላችን ያለፈው ሁሉ እንዳልነበረ ሆነ። ሲባጎውን ስጠቀልልላት ጋዜጣውን አላየችውም።

ስትሄድ ግን መለስ አለችና የዚያ አገር ሰዎች መጨረሻ ላይ ከቧንቧው ጠጡ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መጽሐፉን ቀድሜ አንብቤው ስለነበር አዎ፣ ጠጡ አልኳት። የፈቀዱላቸው መጽሐፍ አንብበው ነው ወይ አለችኝ።

ሰው በበዛበት ሰዓት ነበር፤ ሌላ ገዢ ጠራኝና ዞር አልኩ፤ ስመለስ ሄዳለች። ያን ምዕራፍ እንደገና ባየው ምናልባት የምነግራት አላጣም ይሆናል። ጽ/ቤቱም በበኩሉ ለጥያቄዋ መልስ ካለው በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ካለፈው ጊዜ ባነሰ ተስፋ፣ ካለፈው ጊዜ ባላነሰ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
መኪያ ከሚል

ግልባጭ፦
ለወ/ሪት ትሁት፤ በእጅ የሚሰጥ